ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያልተናገርኩት ሕመም

ግራ ጡቴ ላይ እብጠቷን ያገኘኋት በሥራ ሜትሬ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮልፌ ውስጥ፣ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል፣ ከሁለት ሴቶች ጋር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የዚያን ቀን ለራሴ ቀሚስ ልቆርጥ ደረቴን እየለካሁ ነበር። ሜትሩን ጠበቅ ሳደርገው ከብብቴ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። በጣቴ ዳሰስኩት። የሽንብራ ፍሬ ታህላለች፤ ጠንካራ ናት፤ አታምም። ስለማታምም ተውኳት። ሁለት ወር ሙሉ ተውኳት።

ወይንሸት እባላለሁ፤ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሕይወት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ አብራኝ ነው የምትኖረው። የሚያውቁኝ ሰዎች ችኩል ናት፣ አፏ አያርፍም ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሥራ ቦታ የስፌት ክሬን ያዘባረቀብኝን ሰው ዝም ብዬ አላልፍም፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲያዘገይ የሚነዘንዘው ሰው እኔ ነኝ። እንግዲህ ይህች ነዝናዛ ሴት በገዛ ሕመሟ ላይ አፏን ለጉማ እንዴት እንደተቀመጠች ነው የምነግራችሁ። የምነግራችሁም እንደ እኔ ተቆርጣችሁ፣ ቁስሉ ደርቆ ሕመሙ ግን ያልለቀቃችሁ ካላችሁ፣ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ ብዬ ነው።

ሆስፒታል የሄድኩት እብጠቷ ከሽንብራ አልፋ ባቄላ ስታህል ነው። ማሞግራም ተነሣሁ። በመርፌ ናሙና ወሰዱልኝ። ውጤቱን የነገረችኝ ሐኪም ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

“ካንሰር ነው” አለችኝ። “ግን በጊዜ መጥተዋል።”

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ልጄ ናት የሰማችልኝ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ግራ ጡቴ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ከብብቴ ሥር ንፍፊቶች አውጥተው መረመሩ፤ ንጹሕ ነበሩ። ኬሞ አያስፈልግዎትም ተባልኩ። ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ለዓመታት እንድወስድ ታዘዘልኝ፤ ክንዴን የማንቀሳቅስበት ስፖርት ተሰጠኝ፤ የክትትል ቀጠሮ ተጻፈልኝ። ሐኪሟ እንዳለችው ዕድለኛ ነበርኩ። እኔም ይህንን አውቅ ነበር፤ ነገሩን ያበላሸውም ማወቄ ነው።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ሆስፒታል የተኛሁ ቀን ከጎጃም ተሳፍራ መጣች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሻንጣዋን ሳታራግፍ ቤቱን በቁጥጥሯ ሥር አደረገች። አልጋዬ ያለበት ክፍል አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷን በብርድ ልብስ ጋረደቻት፤ ጋረደቻት ስል በሚስማር ነው። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቀች። ሽቶ የተቀባ ሰው በር ላይ እንዳይደርስ አለች። ቁስል ሽታ አይወድም፣ ቁስል የያዘ ሰው ፀሐይ ላይ ከወጣ ምች ይመታዋል፤ እሷ ያደገችው በዚህ ነው፣ እኔንም ያሳደገችኝ በዚህ ነው። ሕይወት አንድ ሁለቴ “እትዬ፣ አየር ያስፈልጋታል እኮ” ብላ ነበር። ማን ሰምቷት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኛል። ጨለማው ተመቸኝ። ደረቴን ማየት አልፈልግም ነበር፤ ሰው እንዲያይብኝም አልፈለግኩም። ለግቢው ሰው “ክፍለ ሀገር ሄዳለች” ተባለ። እኔ ከጎረቤቶቼ በአንድ ግድግዳ ተለይቼ፣ ሲሳሳቁ እየሰማሁ፣ ክፍለ ሀገር ነኝ። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ደረቀ። እኔ ግን ከዚያ በኋላም አልወጣሁም። መጀመሪያ በምች ተሳበበ፣ ቀጥሎ በብርድ፤ ወር በወር ላይ ተደረበ። የጾሙ ወቅት ሲገባ የንስሐ አባቴ “አንቺ አትጾሚም፣ ታመሻል” ብለውኝ ሳለ ጾምኩ። ከሞት ያተረፈኝን አምላክ በምን ላመስግነው ብዬ ነው።

ሕመሙ ያልነበረበት ቀን የለም። መጀመሪያ የቁስሉ ሕመም ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቁስሉ ሲድን ግን ሌላ መጣ። ደረቴ ላይ፣ ጡቴ በነበረበት ቦታ፣ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ብብቴ ሥር ይወጋኛል። የክንዴን የውስጥ በኩል ልብስ ሲነካው እዘልላለሁ። ክንዴን ከትከሻዬ በላይ ማንሣት አልቻልኩም፤ ስለሚያመኝም ስፖርቱን ተውኩት።

የመጀመሪያው ክትትል ላይ ሐኪሟ “እንዴት ነዎት?” አለችኝ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” አልኩ።

“ሕመም አለ? ከዜሮ እስከ አሥር ቢሰጡት ስንት ይሰጡታል?”

“ሁለት” አልኳት።

ስምንት ነበር። ለምን እንደዋሸሁ ብዙ አስቤበታለሁ። ኮሪደሩ ላይ ፀጉራቸው የረገፈ፣ በሰው ተደግፈው የሚሄዱ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። እኔ ኬሞ የቀረልኝ ሴት ነኝ። እነሱን አልፌ ገብቼ አመመኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ደግሞ እኛ ሰው እንዴት ነሽ ሲለን የምንመልሰው አንድ መልስ ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳን መጀመሪያ ደህና ነኝ፣ ተመስገን ይላል። ሰላምታ ከሆነ ደግ ነው። ሐኪሟ ግን ሰላም እያለችኝ አልነበረም። እኔ የሰጠኋትን ሁለት ካርዴ ላይ ጻፈች፤ በሁለት የሚታከም ነገር ደግሞ ብዙ የለም። ፓራሲታሞል አዘዘችልኝ።

በሦስተኛው ወር ሕመሙ ቦታ ቀየረ።

ጎኔን አመመኝ። ቀኝ ጎኔን፣ ማንም ያልነካውን። ስስል የጎድን አጥንቴ የሚሰበር ይመስለኛል። ቀጥሎ ዳሌዬ። ቀጥሎ ቅልጥሜ። ቅልጥሜን በጣቴ ስጫነው እንባዬ ይመጣል።

ከመቆረጤ በፊት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ይዛ “አጥንቴ ውስጥ ገባብኝ” ስትል ሰምቼ ነበር። ጎኗ ለተቀመጠችው ሴት ነው የነገረቻት። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ አላየኋትም።

ነገሩ ገባኝ። ገባኝ አልኩ። ካንሰሩ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።

ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ እውነት ይሆናል ብዬ ነው። ካልተናገርኩ ደግሞ ልጄ ዓመቷን ሳትረበሽ ትጨርሳለች። ሁለተኛው ክትትል ሲደርስ “ቀጠሮው ተላልፏል፣ ደውለው ነገሩኝ” አልኩ። ማንም አልደወለልኝም። ስልኬን ይዤ ጓዳ ገብቼ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያልኩ ለራሴ አወራሁ። ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ መሰናዳት ጀመርኩ። የሰው ጨርቅ ያልተቆረጠውን ለባለቤቶቹ እንዲመልሱ ለሥራ ጓደኞቼ ላክሁ። ሕይወትን አጠገቤ አስቀምጬ ዚፕ መግጠም አስተማርኳት። የቤቱ ወረቀቶች የት እንዳሉ አሳየኋት።

“ለምንድን ነው የምታሳዪኝ?” አለችኝ።

“ለማወቅ ያህል ነዋ” አልኳት ቆጣ ብዬ። መቆጣት ሁልጊዜም ይረዳኛል።

እትዬ አስካለ ሾርባ እያጠጣችኝ፣ ጀርባዬን እያሸች፣ ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ በየጊዜው እያጠበቀች ነበር። በፍቅር ነው። አንድም ቀን ደከመኝ አላለችም።

የተያዝኩት መጸዳጃ ቤት ነው። ቀን ነበር። የግቢው ሰው ወደ ሥራ የሄደበትን ሰዓት ጠብቄ ወጣሁ። ቁጢጥ አልኩ። መነሣት አቃተኝ። ጭኔ አልታዘዝ አለ። ግድግዳውን ያዝኩ። ተንሸራተተብኝ። እንደገና ሞከርኩ። መጣራት አልፈለግኩም፤ ጎረቤት ይሰማላ፣ እኔ ክፍለ ሀገር ነኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ሕይወት መጣች። በሩን ገፍታ ገባች። ብብቴን ይዛ አነሣችኝ። ቀኙን ነው የያዘችው፣ ግራውን አለመንካቷ ትዝ ይለኛል። አልጋዬ ላይ አስቀመጠችኝና ፍራሹን ከፍ አደረገች። ሥሩ ባዶ የፓራሲታሞል ማሸጊያዎች ነበሩ። እኔ የደበቅኳቸው። ካወቀች ሰንብታለች።

“እማ” አለችኝ፣ “ነገ እንሄዳለን።”

“ቀጠሮዬ እኮ...”

“ደውዬ ጠይቄያለሁ። ቀጠሮሽ ሦስት ሳምንት አልፎታል።”

በማግስቱ ሦስታችን ወጣን። ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ያዝን፤ እስከ ጦር ኃይሎች መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ጎኔ ይሰነጠቅ ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስባ ነበር፣ ምች እንዳይመታኝ። ጦር ኃይሎች ወርደን ሌላ ታክሲ ስንጠብቅ ፀሐዩ በነጠላዬ በኩል ቀይ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ከአራት ወር በላይ በእንዲህ ያለ ፀሐይ ላይ አልቆምኩም።

ሐኪሟ እንደ ልማዷ “እንዴት ነዎት?” አለች።

“እግዚአብሔር ይመ...”

“ዶክተር፣ እናቴ እየዋሸች ነው” አለች ሕይወት።

ልጄ ሰው ፊት ቃል መልሳብኝ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን አላቆመችም። መነሣት እንደሚያቅተኝ፣ ስስል ጎኔን እንደምይዝ፣ በቀን ስንት ፓራሲታሞል እንደምወስድ፣ የቀጠሮውን ውሸት፣ ሁሉንም ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“አሁን እንደገና ልጠይቅዎት” አለችኝ። “ስንት ነው?”

“ዘጠኝ” አልኩና አለቀስኩ። “አጥንቴ ውስጥ ገብቷል አይደል?”

“አላውቅም” አለች። “እናየዋለን። ዛሬ ግን የት የት እንደሚያምዎት በጣትዎ ያሳዩኝ።”

አሳየኋት። ቅልጥሜን ተጫነችው፤ ጮህኩ። ደረቴን መሐል ለመሐል ተጫነችው። ከወንበር ያለ እጅ ይነሡ አለችኝ፣ አልቻልኩም። ወዲያው ደም ተቀዳልኝና ከሰዓት በኋላ አንዱ ውጤት ደረሰ።

“አልካላይን ፎስፌቴዝ የሚባል ምርመራ ከፍ ብሏል” አለች። “አጥንት ሲጎዳ ከፍ ይላል። ይህ ከሁለት ነገር በአንዱ ሊሆን ይችላል።”

“አንዱ እኔ የፈራሁት ነው?”

“አዎ። ሌላው የሚድን ነው። ሁለቱንም እንመረምራለን።” ከዚያ ድንገት “ፀሐይ ይሞቃሉ?” አለችኝ።

ብሽቅ ነው ያልኩት። እኔ ልሞት ነው፣ እሷ ስለ ፀሐይ ታወራለች። እትዬ አስካለ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ሠርታ ያሳደረችውን ሥራ እንደሚመሰክር ሰው መለሰችልኝ፦

“ኧረ በፍጹም፣ ዶክተር! ከተቆረጠች ጀምሮ አንድም ቀን ፀሐይ አላስነካኋትም።”

ሐኪሟ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። አንገቷን ነቀነቀችና ወረቀቱ ላይ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ቢ12 ብላ ጨመረች። ከዚያ በላይ ደግሞ የአጥንት ስካን ጻፈች።

ውጤቱ እስኪደርስ ስድስት ቀን። ስለ እነዚያ ቀናት ብዙ የምለው የለኝም። አልበላሁም። ሕይወት ትምህርት አልሄደችም፣ እኔም ሂጂ አላልኳትም። አንድ ቀን እጄን ይዛ “እማ፣ እኔ ይኼን ሁሉ ጊዜ የማላውቅ መስሎሽ ነበር?” አለችኝ። በራችን ላይ ቆማ ትንፋሼን ታዳምጥ እንደነበር ያኔ ነገረችኝ።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ ገና በሩን ሳንዘጋ ጀመረች።

“አጥንትዎ ላይ ካንሰር የለም።”

“እንደገና በይልኝ” አልኳት። አንቺ አልኳት፣ እርስዎ ማለት ጠፋኝ።

“አጥንትዎ ላይ ካንሰር የለም” አለች። ሦስተኛም ደገመችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። ቀጥላ አንድ ወረቀት አሳየችን። “ቫይታሚን ዲዎ ስድስት ነው። ቢያንስ ሃያ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ሠላሳ ቢያልፍ ደግሞ ደስ ይለናል። ይህ ቫይታሚን ሲያልቅ አጥንት ካልሲየም መያዝ ያቅተዋል፤ ይለሰልሳል፤ ያማል። ኦስቲዮማሌሺያ እንለዋለን። የጭንዎም ድካም ከእሱ ነው። ደረትዎና ክንድዎ ላይ ያለው ማቃጠል ግን ሌላ ነው፤ በቀዶ ጥገናው የተነኩ ነርቮች ናቸው። ቫይታሚኑ ዝቅ ያለበት ሰው ይህንንም ሕመም የባሰ ሊሰማው ይችላል። ሁለቱንም እናክማለን።”

ቢ12ም ዝቅ ብሏል ተባልኩ፤ ለእሱ መርፌ ታዘዘልኝ። ለዲው በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ከፍ ያለ መጠን ያለው ኪኒን፣ ካልሲየም፣ ለነርቩ ደግሞ ሌላ ኪኒን። ፊዚዮቴራፒ። እና በቀን ሃያ ደቂቃ ፀሐይ፣ እጅና እግር ተገልጦ።

ዞር ስል እትዬ አስካለ ከክፍሉ ወጥታለች። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አገኘኋት።

“እኔ ነኝ” ትላለች። “በገዛ እጄ። እኔው ነኝ።”

ላባብላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሐኪሟ ናት ወጥታ አጠገቧ የተቀመጠችው። “እናቴ፣ በአራት ወር ብቻ እዚህ አይደረስም” አለቻት። “እህትዎ ለዓመታት ቤት ውስጥ፣ በመብራት ሥር ነው የሠራችው። ስትቆረጥም ቫይታሚኗ ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው፤ ጨለማው ጨመረበት እንጂ። እርስዎ ባያበሏት ደግሞ ዛሬ በእግሯ አትመጣም ነበር።” እትዬ አስካለ ሙሉ በሙሉ አላመነችም። አሁንም ስናወራ አንዳንዴ ታነሣዋለች፣ እኔም አንቺ ባትኖሪ ኖሮ በፍርሃት ብቻ ሞቼ ነበር እላታለሁ፤ ይህም ለማጽናኛ ያህል የምላት አይደለም።

ቤት እንደገባን የመጀመሪያ ሥራዋ ሚስማሮቹን መንቀል ነበር። በፒንሳ አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፤ ብርድ ልብሱን ጣለችው፤ መስኮቷን ከፈተቻት፤ ክፍሌ ውስጥ ምን ያህል አቧራ እንደተከማቸ ያየሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የፕላስቲክ ወንበር ደጃፍ አውጥታ “ነይ ውጪ” አለችኝ፣ እንደ ወታደር አዛዥ። እዚህ ላይ ነበር ጣጣው። መውጣት ማለት መታየት ማለት ነው። ግቢያችን አምስት አባወራ ያለበት፣ አንድ ቧንቧ የምንጋራበት ግቢ ነው፤ እኔ ክፍለ ሀገር ነኝ፤ ደረቴ ደግሞ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው። ቀሚሴ ላይ ሹራብ ደረብኩ፤ እትዬ አስካለ ሹራቡን ከላዬ ገፈፈችው፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ጠቀለለች፣ አስቀመጠችኝ።

መጀመሪያ ያየችኝ የግቢው አሮጊት፣ እማማ ብርቄ ናቸው። ጀሪካናቸውን እየቀዱ ነበር። ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ደረቴንም አዩ። ጀሪካኑ ሞልቶ እስኪፈስ ቆሙ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

“ከክፍለ ሀገር መቼ ገባሽ?” አሉኝ።

“ትናንት” አልኩ።

“መንገዱ እንዴት ነበር?”

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። “እኔማ ሞተሽ ደብቀውኝ ይሆን ብዬ ለቅሶ የምለብሰውን ሳጥብ ነበር” አሉኝ። ሳቄ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረ፤ ከተቆረጥኩ ጀምሮ ከቤተሰቤ ውጪ ያለ ሰው ፊት ያለቀስኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው፤ እማማ ብርቄም ምንም ሳይጠይቁኝ እጄን ይዘው ሃያው ደቂቃ እስኪያልቅ አብረውኝ ፀሐይ ሞቁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጡ ነበር፣ የራሳቸው ጉልበት እንደሚያማቸውም ነገሩኝ፣ እኔም ሐኪም ጋ ሂዱ እያልኩ ነዘነዝኳቸው፤ አፌ መመለሱን ያወቅኩት በዚህ ነው።

መዳኑ ፈጣን አልነበረም፤ ይህንን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ኪኒኑን በዋጥኩ በሳምንቱ ተነሥቼ የምሮጥ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ ባላይ ተናድጄ ኪኒኑን ልተወው ብዬ ለሐኪሟ አስደወልኩ፤ አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ሳምንት ሳይሆን ወር ይቁጠሩ አለችኝ። ፊዚዮቴራፒ ላይ የተማርኩትን ቤት ውስጥ እሠራ ነበር፦ ግድግዳው ጋ ቆሜ የግራ እጄን ጣቶች እንደ ጉንዳን ወደ ላይ አስወጣቸዋለሁ፣ የደረስኩበት ላይ በልብስ መቁረጫ ጠመኔዬ ምልክት አደርጋለሁ፣ በማግስቱ ከምልክቱ ትንሽ ለማለፍ እሞክራለሁ። አንዳንድ ቀን አልፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን በአራት ጣት ወደ ታች እቀራለሁ፤ ያን ጊዜ ግድግዳውን እሰድበዋለሁ። በሰባተኛው ሳምንት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳ ሳልይዝ ተነሣሁ። ወጥቼ ለሕይወት ነገርኳት፤ ዲግሪ ያገኘሁ ያህል ደስ አላት። ስስል ጎኔን መያዝ መተዌን ያስተዋለችው ደግሞ እትዬ አስካለ ናት፤ እኔ ልብ አላልኩትም ነበር፤ ሕመም ሲሄድ እንደ መጣበት አይታወቅም።

በሦስት ወር ደሜ ዳግም ተመረመረ። ሠላሳ አራት። እትዬ አስካለ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ እኔም ወደ ሥራዬ። የስፌት መኪናዬን ከጓዳው አስወጥቼ በሩ አጠገብ አደረግኋት፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ እጄ ላይ ያርፋል። ክረምቱ ሲገባ ደመናው ስለሚከለክል ኪኒኑን አነስ ባለ መጠን እቀጥላለሁ። ሁሉም ሕመም አልጠፋም። የደረቴ ማቃጠል በብርድ ቀን ይመጣል፣ ግራ ክንዴ ከባድ ጨርቅ ሲጎትት ያብጣል። ሐኪሟም ይህ ላይጠፋ ይችላል ብላኛለች፤ አብሬው መኖር እየለመድኩ ነው። ካንሰሩም ቢሆን ተመልሶ አይመጣም ብሎ ማንም አልማለልኝም። ክትትሌ ይቀጥላል።

አሁን እናንተን ልምከር። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚቆይ ሕመም ሁሉ የቫይታሚን አይደለም፤ ጎረቤታችሁ በቫይታሚን ዳነ ብላችሁም ከፋርማሲ ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ አትዋጡ፣ ከመጠን ሲያልፍ እሱም ይጎዳል። ተመርመሩ። ሐኪሙ ካላነሣው ራሳችሁ አንሡት፦ ቫይታሚኔ ስንት ነው በሉ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር እውነተኛው ይሁን። አምላክን ማመስገን ትችላላችሁ፤ ካመሰገናችሁ በኋላ ግን የሚያማችሁን ተናገሩ። ቀጠሮ በፍርሃት አትለፉ፤ እኔ ከፈራሁት ነገር ስሸሽ የሚድነውን በሽታ ነው ያሳደግኩት። አስታማሚዎች ደግሞ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሐኪሙን ጠይቁና በሽተኛችሁን ደጅ አውጡ።

ሐኪሜን፣ የክንዴን እንቅስቃሴ ያስተማረችኝን ባለሙያ፣ አብረውኝ የተቀመጡትን እማማ ብርቄን አመሰግናለሁ። እትዬ አስካለን የማመሰግንበት ቃል የለኝም፤ ሁለት ጊዜ አሳድጋኛለች። ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝምልኝ።

ሕይወት ግን ምስጋና አልበቃትም፤ ይቅርታ ነው የጠየቅኳት። እኔ እሷን ከሐዘን ላድን ብዬ ዝም ስል፣ ልጄ እናቴ እየሞተች ነው የሚለውን ፍርሃት ብቻዋን ተሸክማ ነበር፤ የምትነግረው ሰው አልነበራትም። ይቅር ብላኛለች። ሆኖም ዛሬም ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የክፍሌ በር ላይ ትንሽ ትቆማለች፤ የተኛሁ መስዬ አያታለሁ፤ ትንፋሼን እያዳመጠች ነው። ለዚህ ሐኪሜ የምታዝልኝ ኪኒን የለም። ዓይኔን ገልጬ “ነይ ግቢ” እላታለሁ፣ የት እንዳመመኝና የት እንዳላመመኝ አንድ በአንድ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ትሄዳለች።